ዋጋዬ ያልተጠራችበት መርዶ

ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ ከሚኖር ሐበሻ ዋጋዬን የማይወድ የለም፤ ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ሊያያት የሚፈልግም የለም። ቀን ገበያ መሀል ሲያገኟት «እትዬ ዋጋዬ» እያሉ ፌስታሏን ይቀበሏታል፣ ልጃቸውን ክርስትና እንድታነሳላቸው ይለምኗታል። ማለዳ በራቸው ተንኳኩቶ በመስኮት ብቅ ሲሉ እሷን ካዩ ግን፣ ገና አፏን ሳትከፍት ማልቀስ ይጀምራሉ። ከኋላዋ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ኃይለማርያምና ሁለት ሦስት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። የሚናገሩት ግን እነሱ አይደሉም። ስንቱን ያዩ ትልልቅ ወንዶች ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ወደ እሷ ይመለከታሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሜልበርን ሐበሻ መርዶ ስትነግር የኖረችው ዋጋዬ ናት። ማንም አልሾማትም። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው አፉ ተሳስሮ ሲያቅተው እሷ ተናገረች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር «እትዬ ዋጋዬን ጥሯት» ተባለና በዚያው ቀረ። እንጀራዋ ጽዳት ነበር። የሰው ቤት፣ ቢሮ፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ያገኘችውን ስታጸዳ ነው ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው። መርዶ ያለ ቀን በሌሊት ተነስታ፣ ሰው አስለቅሳ፣ ከለቀስተኛው ጋር አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ሥርዓቷን ሁሉም ያውቀዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም። አንድ የታክሲ ሹፌር ዌስት ጌት ድልድይ ላይ መኪና እየነዳ ከአዲስ አበባ ተደውሎ የእናቱን ሞት ቢነግሩት፣ ድልድዩ መሀል መኪናውን አቁሞ ወርዶ ነበር፤ ዋጋዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ባዶ ሆድ ላይም አይነገርም፤ ስለዚህ በዋዜማው አንድ ዘመድ ሰበብ ፈልጎ ይሄድና አስገድዶ ራት ያበላል። «ነፍስ ይማር» የሚለው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሳይወጣ የሟች ቤተሰብ ስልክ በዘዴ ይወሰዳል። «አምጪ አፕዴት ላድርግልሽ» የምትለው ዘዴ የዋጋዬ ፈጠራ ናት፤ አሁን ከተማው በሙሉ ይሠራባታል። ታሟል፣ ጠንቶበታል፣ ሆስፒታል ገብቷል እያሉ ሰውን በደረጃ ማውረድ እሷ ዘንድ የለም። ሰውየው ይቀመጣል፣ በግራና በቀኝ ይያዛል፣ ስም ይጠራል፣ ሞተ ይባላል። ከሁሉ የምትጠላው ግን ማቆየትን ነው። የሞተበት ሰው ሳያውቅ ከአንድ ቀን በላይ መዋል የለበትም ትላለች፣ በዚህ የተነሳ ከጋሼ ኃይለማርያም ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል።

ይህ ጥላቻዋ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ልጆቿ ብቻ ናቸው። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ካርቱም ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ደሴ ያለችው እናቷ ስትሞት ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ገብረጻድቃን ደበቋት። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ፣ በመምህር ደሞዝ እሷንና ታናሽ እህቷን ዘውዲን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ ዋጋዬም የእሳቸውን ቃል የማታምንበት ምክንያት አልነበራትም። በየወሩ በሚመጣው ደብዳቤ «እናታችን ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች» ይሉ ነበር። ለእናቷ በነጋዴ እጅ ቢጫ የሱዳን ጨርቅ ላከች። ጨርቁ ደርሷታል፣ ለፋሲካ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ ሰው ሁሉ ከየት መጣልሽ ብሎ ጠየቃት ብለው ጻፉላት። እናቷ ያን ጊዜ ከተቀበረች አምስት ወር ሆኗት ነበር። ዋጋዬ የሰማችው በስምንተኛው ወር፣ የምታውቅ መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» ካላት የአገሯ ሰው ነው። በዚያ ቀን የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፣ ጨርሳ ነው ያለቀሰችው።

«የእናቴን ስምንት ወር ሰረቁኝ» ብላ ጻፈችላቸው። ብቻሽን ስለነበርሽ ነው፣ የሚይዝሽ ሰው ስላልነበረ ነው ብለው መለሱ። አልተቀበለችም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለበዓል ትደውልላቸዋለች፣ በአክብሮት ትጠይቃቸዋለች፣ በአክብሮት ትዘጋለች። ለዘውዲ ግን ሳትደውል የዋለችበት ቀን የለም። ዘውዲ ደሴ ናት፤ ኩላሊቷ ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ታሳጥባለች። ዋጋዬ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዘውዲ ካላነሳች ዘግታ እንደገና ትደውላለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ዋጋዬ ጡረታ ወጣች። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ያጸዳቻቸው ቤቶች ፓተርሰን ሌክስ ነበሩ። ሰፈሩ ባሕሩ አጠገብ ነው፤ ቤቶቹ በተቆፈረ የውሃ ቦይ ዳርና ዳር ተሠርተው፣ በፊት ለፊታቸው መኪና፣ በጓሯቸው ጀልባ ይቆማል። ከፉትስክሬይ ሁለት ባቡር ቀይራ ካረም ጣቢያ ወርዳ፣ ከዚያ በእግሯ ትሄዳለች። የኩሽናውን መስታወት ስትወለውል ጀልባዎቹ ሰው ይዘው ቀስ ብለው ሲያልፉ ታይ ነበር። አንዳንዱ እጁን ያውለበልብላታል፣ እሷም ጨርቁን እንደያዘች ታውለበልባለች። ይህን ለልጆቿ አንድ ሁለት ጊዜ ብታወራ፣ ታላቋ ልጇ ሳምሪ በየካቲት አጋማሽ መጥታ ለሠራተኞች በዓል፣ ለሌበር ዴይ፣ ቅዳሜና እሁድ መኝታ ያለው ጀልባ መከራየቷን በእንግሊዝኛዋ ነገረቻት። ዋጋዬ በሁዳዴ መዝናናት ምን ይሉታል ብላ አንገራገረች። በማግሥቱ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ዋለች፣ እውነቱ ይነገር።

ዓርብ ከሰዓት ልጇ ሔኖክ ከክሬጊበርን፣ ከመጋዘን ሥራው በቀጥታ መጣና የእድሩን ቁልፍ ጠየቃት። የእድሩ ወንበር፣ ድንኳንና ትልልቅ ድስት የሚቀመጥበት ኮንቴይነር ቁልፍ ያዥ እሷ ናት። ጋሼ ኃይለማርያም ወንበሮቹን ሊቆጥሩ ፈልገው ነው አላት። ሰጠችው። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ሳምሪ ስልኳን ወሰደችው፤ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ጓደኛዬ ያስተካክልልሻል፣ ሰኞ ይመጣል አለች። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል። ዋጋዬ ጓዟን ስትሸክፍ ስለነበር፣ ለዘውዲ በልጆቹ ስልክ እደውላለሁ ብላ ልብ አላለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ አከራዩ፣ ጢሙ የሸበተ ፈረንጅ፣ ከመስጠም የሚያድን ላይፍ ጃኬት አልብሷቸው መሪውን እንዴት እንደሚይዙ ለሔኖክ አሳየው። መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ብቻ ቦዩ ውስጥ ቀስ በሉ፣ ሞገድ ካስነሳችሁ የታሰሩትን ጀልባዎች ያጋጫል አላቸው። ከዚያ ወረቀት አቀረበ። ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው በሚለው ቦታ ላይ ሳምሪ ስም ስትሞላ ዋጋዬ በትከሻዋ በኩል አየች። የጋሼ ኃይለማርያምን ስም ነው የጻፈችው። ልጅቷ ለጋሼ ኃይለማርያም በሕይወቷ ደውላ አታውቅም። ዋጋዬ መነጽሯን አስተካከለች።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ውስጧ ሦስት መኝታ፣ ፊት ለፊቷ መቀመጫ። ሞተሯ ድምፅ የላትም። ቤቶቹ በሁለት ወገን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሲሄዱ ዋጋዬ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። የምታውቃቸውን ቤቶች እየጠቆመች የማን እንደሆኑ ነገረቻቸው፤ እዚህ ያለችው ሴትዮ ውሻዋን በሻምፑ ታጥባለች፣ እዚያ ያሉት ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሔኖክ ሳቀ። ሳምሪ ከአጠገቧ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች «አዎ እማዬ»፣ «እውነትሽን ነው እማዬ» ትላለች።

ዋጋዬ ወሬዋን አቋረጠች። ሳምሪ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የኖሩበት ነው፣ ልጅቷ አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዋጋዬም መቆጣት ከተወች ቆይታለች። ዛሬ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። አማርኛዋን እየመረጠች፣ እየተጠነቀቀች ነው የምታወራው፤ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው እንደዚያ ያወራል። ዋጋዬ የተሰጣትን ብርቱካን እጇ ላይ ይዛ ቀረች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ መጣላት፤ ቁልፉ፣ ስልኩ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም።

ወንበር የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን ቢሞት ነው ታዲያ እሷ ያልተጠራችው? በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እሷ ያልተጠራችበት መርዶ የለም። ሊኖር የሚችለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የራሷ። ጀልባው እስከ እሁድ ከሰው ያርቃታል፤ ሰኞ በዓል ነው፣ ሰው ሥራ አይገባም፤ ሰኞ ንጋት ላይ ጋሼ ኃይለማርያም በሯ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ዋጋዬ ይህን እሷው ራሷ የቀጠረችው ያህል አወቀችው።

አፏን ከፍታ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም። አገር ቤት የቀሯት ሁለት ናቸው፣ ወንድሟ ጋሼና ዘውዲ፤ ከሁለቱ አንዳቸው ሄደዋል፤ እስካልጠየቀች ድረስ ግን ሁለቱም አሉ። መርዶ ስትነግር ብዙ ሰው እጁን አፏ ላይ ይጭንባት ነበር። አትናገሪ፣ ትንሽ ቆይ፣ ይሏታል በዓይናቸው። እሷ እጃቸውን ከአፏ ላይ በቀስታ አንስታ ትናገራለች። ጥሩ የሠራች ይመስላት ነበር። ዛሬ የራሷ እጅ በአፏ ላይ ነው፣ የሚያነሳላትም ሰው እንዲመጣ አልፈለገችም። ካርቱም ሳለች ስለዚያች ቢጫ ጨርቅ ደብዳቤ ሲመጣላት ስንት ጊዜ ደጋግማ እንዳነበበችው ትዝ አላት። ደስ ብሏት ነበር ያነበበችው።

ጀልባዋ ወደ ጠባቡ ቦይ ታጠፈች። ዘጠኝ ዓመት ያጸዳችው ቤት በቀኝ በኩል መጣ፤ መስታወቱ ቆሽሿል፣ አዲሷ ሠራተኛ ጠርዙን አታጸዳውም። ዋጋዬ እያየችው በልቧ ትጸልይ ነበር። ዘውዲን አደራ፣ ዘውዲን አደራ ትል ነበር። ቤቱ ካለፈ በኋላ ነው ምን እየለመነች እንደሆነ የገባት። የቀሯት ሁለት ናቸው። ዘውዲን ተውልኝ ማለት ጋሼን ውሰድ ማለት ነው። ያሳደጓትን፣ ለእሷ ጫማ ገዝተው እሳቸው በባዶ እግራቸው ትምህርት ቤት ያደረሷትን ሰው በጸሎት አሳልፋ እየሰጠች ነበር። ደነገጠች፣ ሌላ ጸሎት ፈለገች። ፈቃድህ ይሁን ለማለት ሞከረች። ቃሉን በከንፈሯ አለችው፣ ልቧ ግን እዚያው ዘውዲ ላይ ቆመ፣ ፈቀቅ አልልም አላት። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሞከረች እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

ለልጆቿ ምንም አላሳየቻቸውም። ያመጡላትን የጾም ምግብ በላች፣ ደግማም ወሰደች፤ ሳምሪ መብላቷን በዓይኗ እየተከታተለች እንደሆነ ታያለች። ፎቶ አነሷት፣ ሳቀችላቸው። ወደ ማምሻው ላይ ጀልባዋን አከራዩ ባሳያቸው ቦታ ሲያስሩ ሳምሪ ገመድ ላቀብል ብላ ወደ ኋላ ሄደች፤ ዋጋዬ ዞር ብትል ልጅቷ ፊቷን ላይፍ ጃኬቱ ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለእናቷ ብላ ይህን ሁሉ ብቻዋን የተሸከመች ልጅ ናት፤ የእናቷን ሥርዓት ከማቆየቱ በቀር አንድ ሳታጓድል፣ ስልኩን ደብቃ፣ አብልታ፣ ቀኑን ጠብቃ። ዋጋዬ እስከ ሰኞ እንደማትቆይ ያን ጊዜ ወሰነች። ለራሷ ቢሆን ትቆይ ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሳምሪ ስትነቃ እናቷ መኝታዋ ላይ የለችም። ዋጋዬ ውጪ፣ መቀመጫው ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ቦዩ ላይ ጉም ነበር፣ የቤቶቹ መብራት ገና አልጠፋም። ሳምሪ በሩ ላይ ቆማ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ዋጋዬ ሔኖክን እንድትጠራው ነገረቻት። እሱ እንቅልፉን ሳይጨርስ ብቅ ሲል በግራዋ አስቀመጠችው፣ ሳምሪን በቀኟ።

«ክንዴን ያዙኝ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ» አለች። «ታሟል፣ ጠንቶበታል አትበሉኝ። ስም ጥሪና ተናገሪ፣ ሳምሪ።»

ሳምሪ ማልቀስ ጀመረች፤ አልችልም፣ እባክሽ፣ ጋሼ ኃይለማርያም ሰኞ ይመጣሉ አለች፣ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ።

«በአማርኛ ንገሪኝ» አለች ዋጋዬ። «በእንግሊዝኛ ከነገርሽኝ ማልቀስ አልችልም።»

ልጅቷ አንድ ጊዜ ትንፋሿን ሳበች። «ጋሼ ገብረጻድቃን» አለች። «ጋሼ ገብረጻድቃን ሞቱ፣ እማዬ። ሐሙስ ዕለት። ቁጭ ብለው እያነበቡ ነው። ዓርብ ተቀበሩ።»

«ተመስገን» አለች ዋጋዬ።

ሦስቱም ሰሙት። ሔኖክ በደንብ ያልሰማ መስሎት ወደ ሳምሪ ተመለከተ። ዋጋዬ ቃሉን መልሳ ልትውጠው የምትችል ይመስል ከንፈሯን ገጠመች፣ ግን ወጥቷል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን ስታይ መርዶውን ሰምቶ ተመስገን ያለ ሰው አላጋጠማትም። የሚጮሁ አሉ፣ የሚወድቁ አሉ፣ እሷን በጥፊ የመታም አለ። ከዚያ ከውስጧ የሆነ ነገር ተነሳና አጎንብሳ ጉልበቷን መምታት ጀመረች። «ጋሼ፣ ጋሼዬ» እያለች አለቀሰች። የሚያወርድ፣ የሚቀበል ለቀስተኛ የለም፤ ሁለት ልጆችና ውሃ ብቻ ነው ያለው። ድምፅዋ እስከ ማዶው ቤት ሳይደርስ አልቀረም፣ አንድ መስኮት ላይ መጋረጃ ተገለጠና መልሶ ተዘጋ።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ እሳቸው ይሁኑ እያልኩ ስለምን ነበር» አለቻቸው፣ ማልቀሷ በረድ ሲል። «ዘውዲን ትቶ እሳቸውን እንዲወስድ።»

ሔኖክ እጇን አልለቀቀም። ሐሙስ ነው የሞቱት፣ አንቺ የለመንሽው ቅዳሜ ነው፣ በአንቺ ልመና የሆነ ነገር የለም አላት። ልክ ነበር። ዋጋዬ ልክ መሆኑን ራሷን ነቅንቃ ተቀበለችው፣ ያ ግን ምንም አላቃለለላትም። ሰውየው ሞተው ሁለት ቀን ካደሩ በኋላ እንኳ መልሳ አሳልፋ ሰጥታቸዋለች፤ ይህን ማንም ቀን ቆጥሮ ሊያነሳላት አይችልም።

ከዚያ ሳምሪ ያልነገረቻት ነገር እንዳለ አሳወቀቻት። ዘውዲ አልሰማችም። ጋሼ አዲስ አበባ አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት ልጆቻቸው፣ የዘውዲ ሐኪም ድንጋጤ ለሕይወቷ ያሰጋታል ስላለ ደብቀዋታል። ገና መቼ እንደሚነግሯት አላወቁም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል ያሉ አሉ፣ እስከ ክረምቱ እንጠብቅ ያሉም አሉ። ሳምሪ ከቦርሳዋ የእናቷን ስልክ አወጣች። ከዓርብ ጀምሮ ዘውዲ አስራ ሰባት ጊዜ ደውላለች። ሳምሪ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብላ ፈርታ አላነሳችም። ወንድሟ ስልክ አያነሱም፣ እህቷ አታነሳም፤ ሴትዮዋ ደሴ ቁጭ ብላ ምን ልታስብ እንደምትችል ለዋጋዬ የሚነግራት አያስፈልግም።

ስልኩን ተቀበለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ብትነግራት፣ በስልክ ነው የምትነግራት፤ ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው በሌለበት፣ በዚያ ደካማ ሰውነት ላይ። ባትነግራት ደግሞ ማንን መሆኗ እንደሆነ ታውቃለች። ይህን ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልተሰጣትም። ስልኩ ጭኗ ላይ እያለ ጠራ። ዘውዲ ናት። ደሴ ገና ቅዳሜ ምሽት ነው፣ አልተኛችም።

ዋጋዬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ጉሮሮዋን አጸዳች፣ ሁለት ጊዜ። ልጆቿ እንዳይነቃነቁ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸውና አነሳች።

«እታለም፣ ምን ሆናችሁ?» አለች ዘውዲ። «አንቺም ጠፋሽ፣ ጋሼም አያነሱም። ደግ ነው?»

«ልጆቹ ጀልባ ላይ ይዘውኝ መጥተው ነው» አለች ዋጋዬ። ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ያዘችው። «ውሃ መሀል ነኝ፣ ስልኩ አይሠራም ነበር።»

«ጋሼስ?»

ዋጋዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጋሼ ደህና ናቸው። ለሱባዔ ገዳም ገብተዋል፣ ስልካቸውን ቤት ትተውት ነው። ሐሙስ ደውለውልኝ ነበር። ጾሙን እንዴት ያዘችው፣ በኩላሊቷ ላይ እንዳትጾም ንገሪያት ብለውኛል።»

«ተመስገን» አለች ዘውዲ፣ ትንፋሿን ለቀቀችው። «እኔማ ስንቱን አሰብኩ። በይ ስለ ጀልባው ንገሪኝ፣ ምን ይመስላል?»

ሳምሪ የእናቷን ክንድ እንደያዘች ነበር። ዋጋዬ ነገረቻት፤ ቦዩን፣ ጉሙን፣ የቤቶቹን መብራት፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየደረሰ አንድ በአንድ ነገረቻት። ዘውዲ እየሳቀች ትሰማት ነበር።